ጥቁሩ ብሎን ለሁሉም አይሆንም

በጎንደር ከተማ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በዙሪያቸው ባሉት ደጋማ ቀበሌዎች ያላችሁ፣ ቤት የምትሠሩም የምታሠሩም፣ በአናጢነት እንጀራችሁን የምትበሉም ሁሉ፣ ይህ ዝግጅት ለእናንተ ነው። የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በቤት ሥራ ውስጥ በመጠን ከሁሉ ስለሚያንሰው ዕቃ፣ ስለ ብሎን ነው። ብሎን ስንል ዳዶ የሚገባለትን ወፍራሙን የብረት ማሰሪያ ማለታችን አይደለም፤ በካቻቪቴ ወይም በድሪል እየተጠመዘዘ እንጨት ውስጥ የሚገባውን ሹሉን ማለታችን ነው። ካቻቪቴ የሚለው ስም ራሱ ይህን ብሎን በሆዱ ይዟል፤ በጣሊያንኛ ቪቴ ማለት ይኸው ጥርስ ያለው ሹል ብሎን ነው። ኮምፔልሳቶ፣ ሞራሌ፣ ጣውላ፣ ፑንታ የሚሉት የአናጢ ቃላትም ከዚያው ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። ስሞቹን ከወረስን ዘመን ተቆጥሯል። ዕቃውን ለየሥራው ለይቶ መጠቀሙ ላይ ግን ገና ብዙ ይቀረናል።

ጥያቄያችን እንዲህ የሚል ነው፤ ኮምፔልሳቶና ጂፕሰም ቦርድ ስንገጥም አንድ ዓይነት ብሎን ለሁለቱም ይበቃል ወይ? በብዙ የሥራ ቦታ መልሱ በተግባር "ይበቃል" ሆኗል። ያ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ሹል የጂፕሰም ብሎን ኮርኒሱን ይይዛል፤ የቁም ሣጥኑን ጎን ይይዛል፤ አልፎ ተርፎ የበሩን ማጠፊያም ይይዛል። ርካሽ ነው፤ በየሱቁ ይገኛል፤ ጫፉ ስለታም በመሆኑ ቀድሞ ቀዳዳ ሳይበጅለት እንጨት ውስጥ ይሰምጣል። ታዲያ ምን ጎደለው? የዛሬው ክርክራችን ይህ ብሎን መጥፎ ነው የሚል አይደለም። በተሠራለት ቦታ ከእሱ የሚሻል የለም። ነገር ግን በጂፕሰም ላይ ጥሩ ያደረጉት ጠባዮቹ ራሳቸው በኮምፔልሳቶ ላይ ያዳክሙታል። ለዚህም ነው ብሎን ሲገዛ የሚገጠመው ሰሌዳ፣ የሚገጠምበት እንጨትና የሚሸከመው ክብደት አስቀድመው መጠየቅ ያለባቸው።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የደጋው ገበሬ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር በምስማር አይመታውም፤ በምራን ያስረዋል። በሬዎቹ በዞሩ ቁጥር መጋጠሚያው መላወስ እንዳለበት ያውቃልና። የጠፍር አልጋ የሚሠራ ሰው ጠፍሩን እርጥብ ሳለ ይወጥረዋል፤ ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና ራሱን በራሱ ያጠብቃል። የጭቃ ቤት ማገር በልጥ ሲታሰርም እንዲሁ፣ እንጨቱ ሲደርቅና ሲንቀሳቀስ ልጡ አብሮት እሺ ይላል። ነገሩን በድንጋይም ማየት ይቻላል። የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች የተገነቡት በድንጋይና በኖራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ አንዳንዶቹ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር። ሲሚንቶ ከኖራ ይጠነክራል፤ ይሁንና እንደ ኖራ እርጥበት አያስተነፍስም፣ ከአሮጌው ግንብ ጋርም አብሮ አይላወስም። በመሆኑም ከዚያ በኋላ የመጡት የጥገና ሥራዎች ወደ ኖራ መመለስን መረጡ። ከዚህ የምንይዘው ትምህርት፣ ማያያዣ የሚለካው በጥንካሬው ብቻ ሳይሆን ከሚያያይዘው ነገር ጋር ባለው ስምምነትም መሆኑን ነው።

እንግዲህ ከጂፕሰም ቦርድ እንጀምር። ጂፕሰም ድንጋዩ የራሳችን ነው፤ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የአባይን በረሃ ሲያቋርጥ በጂፕሰም ንብርብሮች መካከል ያልፋል። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ በውስጡ የታሰረ ውኃ ነው፤ እሳት ሲያገኘው ይህን ውኃ እየለቀቀ ቃጠሎውን ስለሚያዘገይ ለቤት ውስጥ ሥራ ተመራጭ ሆኗል። ድንጋዩ ተፈጭቶና ተጠብሶ፣ በውኃ ተለውሶ፣ በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል ሲረጋ ሰሌዳ ይሆናል። የሰሌዳው ጉልበት ያለው እንግዲህ በወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀቱ ከተቀደደ ውስጡ እንደ ጠመኔ የሚፈረፈር ነገር ነው። የዚህ ሰሌዳ ቀዳሚ የሆነውና አሜሪካዊው አውጉስቲን ሳኬት እ.ኤ.አ. በ1894 የፈጠራ መብት ያወጣበት ሰሌዳም ወረቀትና ጂፕሰም እየተደራረቡ የተሠራ ነበር። ብሎኑ ሲመረጥ እንግዲህ ዋናው ጥያቄ "ይህን ወረቀት ሳይጎዳ የሚይዘው የትኛው ነው?" የሚል ነው።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። 1.2 ሜትር በ2.4 ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ተኩል የሆነ አንድ ሰሌዳ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ኮርኒስ ላይ ሞራሌዎቹ በየ40 ሴንቲሜትሩ ቢደረደሩ፣ በእያንዳንዱ ሞራሌ ላይ ብሎን በየ30 ሴንቲሜትሩ ቢመታ፣ ለአንድ ሰሌዳ ሰባት መስመር አምስት አምስት ብሎን፣ በድምሩ 35 ብሎን ይሆናል። 25 ኪሎ ለ35 ሲካፈል አንዱ ብሎን የሚሸከመው ከአንድ ኪሎ በታች ነው። ይህ ለማንኛውም ቀጭን ብሎን ቀላል ሸክም ነው። ታዲያ የጂፕሰም ኮርኒስ ሲረግብና ሲወድቅ የምናየው ለምንድን ነው? ሸክሙ ከብዶ አይደለም። ወይ የብሎኑ ራስ ወረቀቱን ቆርጦ ገብቷል፤ ወይ ብሎኖቹ ተራርቀዋል፤ ወይ ከኋላ ያለው እንጨት ደርቆ ተንቀሳቅሷል፤ ወይ ደግሞ ዝገት በልቶታል። አራቱም ከብሎን መረጣና ከአገጣጠም የሚመነጩ ናቸው።

የብሎኑን ራስ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። የጂፕሰም ብሎን ራስ እንደ መለከት አፍ ነው፤ ከአንገቱ ጀምሮ በጉብጠት ቀስ እያለ ይሰፋል። ይህ ቅርጽ ለውበት የተሰጠ አይደለም። ብሎኑ ሲጠብቅ መለከቱ ወረቀቱን ወደ ውስጥ ይጫነዋል፣ ያጎደጉደዋል፣ ነገር ግን አይቆርጠውም። የተራ እንጨት ብሎን ራስ ግን ቀጥ ያለ ሾጣጣ ነው፤ ጠርዙ ወረቀቱን እንደ ምላጭ ይበጣዋል። ትክክለኛው ጥልቀት ራሱ ከሰሌዳው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ወረቀቱ ግን ሳይቀደድ የሚቀርበት ነው፤ ጎድጓዳውን ኋላ ስቱኮው ይሞላዋል። ድሪል የያዘ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ አንድ ሰከንድ ተጨማሪ ማሽከርከር ራሱን በወረቀቱ ውስጥ ያሾልከዋል። እንዲህ የሆነ ብሎን እንደሌለ ይቆጠር፤ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ራቅ ብሎ ሌላ ይመታ። የድሪል ልምድ የሌለው ሰው የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች በእጅ ካቻቪቴ ቢያጠብቅ ይሻለዋል። ከሰሌዳው ጠርዝም ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር፣ በተቆረጠ ጠርዝ በኩል ደግሞ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ መግባት ያስፈልጋል። ግድግዳ ላይ በብሎኖቹ መካከል ያለው ርቀት እስከ 40 ሴንቲሜትር ሊሰፋ ይችላል፤ ኮርኒስ ላይ ግን ከ30 ማለፍ የለበትም።

ቀጥሎ ጥርሱ ነው። የጂፕሰም ብሎን ሁለት ዓይነት ጥርስ አለው፤ ብዙ ገዢ ግን ልዩነቱን ሳያይ ሳጥኑን ይዞ ይሄዳል። ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለውና ጎላ ያለው ለእንጨት ነው፤ የእንጨቱን ሥር በሰፊው ይነክሳል። ጥርሱ ደቃቅና የተቀራረበው ደግሞ በሆቴሎችና በቢሮዎች ኮርኒስ ውስጥ ለሚዘረጋው ስስ ላሜራ ነው። ላሜራው ከአንድ ሚሊሜትር የሚያንስ ስለሆነ ሰፊው ጥርስ ሊይዘው አይችልም፤ ቀዳዳውን አስፍቶ በባዶ ይሽከረከራል። ደቃቁ ጥርስ ግን ያችን ስስ ብረት ነክሶ ይይዛል። ብረቱ ወፍራም ከሆነ፣ ለምሳሌ ቱቦላሬ ከሆነ፣ ሁለቱም አይበቁም፤ ጫፉ እንደ ፑንታ ተሠርቶ ራሱ እየበሳ የሚገባ ብሎን ያስፈልጋል። በብሎኬት ወይም በአርማታ ግድግዳ ላይ ሞራሌ ለመግጠም ደግሞ ፊሸር ግድ ነው። ፊሸር የምንለው የፕላስቲክ መያዣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1958 የናይሎኑን ዓይነት ከሠራው ጀርመናዊ፣ ከአርቱር ፊሸር ነው። ግንብ ለጥርስ አይመችም፤ ፊሸሩ በቀዳዳው ውስጥ ተስፋፍቶ ግንቡን ስለሚይዝ ብሎኑ የሚነክሰው ፊሸሩን ነው።

አሁን ወደ ርዝመት እንለፍ፤ እዚህ ላይ አንድ የተለመደ እምነት አለ፦ "ብሎን በረዘመ ቁጥር የተሻለ ይይዛል" የሚል። ለደረቀ እንጨት በተወሰነ ደረጃ እውነት ነው። በእኛ አካባቢ ግን አብዛኛው ሞራሌ ባሕር ዛፍ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከተቆረጠ ብዙ ሳይቆይ፣ ውኃውን ሳይጨርስ ለሥራ ይውላል። ክረምቱ አልፎ የበጋው ፀሐይና ነፋስ ሲመጣ እንጨቱ ይደርቃል፤ ሲደርቅም በቁመቱ ሳይሆን በውፍረቱና በስፋቱ ይኮማተራል። አሁን ብሎኑን አስቡት። ጫፉ እንጨቱ ውስጥ በጥልቀት ተተክሏል፤ የእንጨቱ ገጽ ግን ከሰሌዳው ወደ ኋላ ይሸሻል። በሰሌዳውና በሞራሌው መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ሰሌዳው ሲገፋ ወደ ሞራሌው ይጠጋል፤ ያን ጊዜ የብሎኑ ራስ ስቱኮውን ሰብሮ እንደ ብጉር ብቅ ይላል። ጥልቀቱ በጨመረ መጠን የሚኮማተረው የእንጨት ውፍረትም ይጨምራል፤ ስለዚህ በእርጥብ እንጨት ላይ ረጅም ብሎን ችግሩን ያባብሰዋል። ጠፍሩን እናስታውስ፤ ጠፍር ሲደርቅ ይጠብቃል፣ ብሎን ግን እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል። መፍትሔው ልከኛ ርዝመት ነው። እንጨት ውስጥ 16 ሚሊሜትር ያህል፣ ቢበዛ ከ20 ጥቂት ከፍ ያለ መግባት ይበቃል። ለ9 ሚሊሜትር ሰሌዳ 25 ሚሊሜትር ብሎን፣ ለ12 ሚሊሜትር ተኩል ደግሞ 35 ሚሊሜትር ብሎን ማለት ነው። ዋናው መድኃኒት ግን ከብሎኑ በፊት ያለ ነው፤ ሞራሌው ነፋስ በሚያገባ ጥላ ሥር፣ በመካከሉ ስንጥር እየገባ ተደርድሮ ወራት ቢቆይ አብዛኛውን መኮማተሩን ከመገጠሙ በፊት ይጨርሳል።

ኮምፔልሳቶ ሌላ ዓለም ነው። ከግንድ ላይ እንደ ጥቅል ወረቀት እየተላጠ የወጣ ስስ እንጨት፣ አንዱ ንብርብር ወደ ቁመት፣ ቀጣዩ ወደ ጎን እየተደረገ በሙጫ የተጣበቀ ነው። ንብርብሮቹ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እያሉ ጎዶሎ የሚሆኑት ሁለቱ ገጾች ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዩና ሰሌዳው እንዳይጣመም ነው። እዚህ ወረቀት የለም፤ ገጹ ራሱ እንጨት ነው፤ ስለዚህ መለከት ራስ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሸክሙ ይለያል። ኮርኒስ ላይ ክብደቱ ብሎኑን በቁመቱ ወደ ታች ይጎትተዋል። ኮምፔልሳቶ የምንጠቀምበት መደርደሪያ፣ ቁም ሣጥን፣ የአልጋ ወለል ወይም የመድረክ ወለል ላይ ግን ክብደቱ የብሎኑን ወገብ ይጫነዋል፤ ሁለቱ እንጨቶች እንደ መቀስ ስለት በላዩ ላይ ይንሸራተታሉ። ሰው ሲቀመጥ ሲነሣ፣ በር ሲከፈት ሲዘጋ ይህ ጫና ይመላለሳል። እንዲህ ላለው ሥራ ብሎኑ ሳይሰበር ጥቂት መጉበጥ መቻል አለበት።

ጥቁሩ ብሎን ይህን አይችልም፤ ምክንያቱም በእሳት እንዲጠጥር ተደርጎ የተሠራ ነው። ቀድሞ ቀዳዳ ሳይበጅለት ላሜራ እንዲበሳ ስለታሰበ ብረቱ መጠጠር ነበረበት፤ የጠጠረ ብረት ደግሞ ተሰባሪ ነው። ምላጭ እንደሚቆርጥ ሁሉ ሲጎብጥም ቀጭ ይላል። እርጥብ አርጩሜ ይጎብጣል፤ ደረቅ ሸንበቆ ይቀነጠሳል። ይህን ማንም በቀላሉ ሊያረጋግጠው ይችላል። አንድ ጥቁር የጂፕሰም ብሎንና አንድ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው የእንጨት ብሎን ሞርሳ ላይ ይታሰሩ፤ ስባሪ ስለሚፈናጠር ዓይን በመነጽር ይከለል፤ ከዚያ ሁለቱም በመዶሻ ወደ ጎን ይመቱ። የእንጨቱ ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ይጣመማል፤ ጥቁሩ ግን ድንገት ይሰበራል። ልዩነቱ ለቤተሰብ ደኅንነት ትልቅ ትርጉም አለው። የጎበጠ ብሎን መደርደሪያውን ዘንበል አድርጎ "ድረሱልኝ" ይላል፤ የተሰበረ ብሎን ግን ምልክት ሳይሰጥ ሁሉን ነገር ባንድ ጊዜ ይለቀዋል።

ታዲያ ለኮምፔልሳቶ የሚሆነው ምን ዓይነት ነው? ራሱ ሾጣጣ ሆኖ ከገጹ ጋር እኩል የሚሰምጥ፣ በዚንክ የተለበጠ ነጭ ወይም ቢጫ የእንጨት ብሎን ነው። ቢቻል ከራሱ ሥር ያለው የአካሉ ክፍል ጥርስ የሌለው ልሙጥ ይሁን። ምክንያቱም ጥርሱ ከጫፍ እስከ ራስ የሞላ ብሎን የላይኛውንም የታችኛውንም እንጨት በአንድ ጊዜ ይነክሳል፤ በመካከላቸው ክፍተት ካለ ያንኑ ክፍተት እንደያዘ ይቀራል፣ ሁለቱን አያቀራርብም። ልሙጥ አካል ያለው ብሎን ካልተገኘ የላይኛው ሰሌዳ ላይ ብሎኑ በነፃነት የሚያልፍበት ቀዳዳ መብሳት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ለርዝመቱ ቀላል መለኪያ አለ፤ የብሎኑ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከሥር ባለው እንጨት ውስጥ ይግባ። ለ12 ሚሊሜትር ኮምፔልሳቶ ከ35 እስከ 40፣ ለ18 ሚሊሜትር ደግሞ 50 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራና በቀላሉ የሚሰነጠቅ ስለሆነ ለ4 ሚሊሜትር ብሎን ከ2.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ባለው ፑንታ አስቀድሞ መብሳት እንጨቱንም ብሎኑንም ያድናል። የኮምፔልሳቶው የጎን ጠርዝ ላይ ሲገባ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ብሎኑ በንብርብሮቹ መካከል እንደ ፍልጥ ሽብልቅ ሆኖ ሊለያያቸው ይችላልና፣ ያለ ቀዳዳ አይሞከር፤ ሙጫም ይታከልበት።

አሁን ወደ አየሩ እንለፍ፤ የደጋው አየር ለብሎን ምቹ አይደለምና። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ደባርቅ ከዚያም ከፍ ትላለች። ቀኑ ሞቅ ብሎ ውሎ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የቆርቆሮ ጣሪያ በሌሊት ከሁሉ ቀድሞ ይበርዳል፤ ከወጥ ቤትና ከሰው ትንፋሽ የወጣው እርጥብ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ጤዛ ይሆንና በኮርኒሱ ጀርባ ላይ ይንጠባጠባል። ጣሪያው ሳያፈስ ኮርኒሱ የሚረጥበው ለዚህ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ላይ ይህ ሲታከልበት እርጥበቱ ለመድረቅ ጊዜ አያገኝም። የጥቁሩ ብሎን ልባስ ለደረቅ የቤት ውስጥ ሥራ የታሰበ ስስ ፎስፌት ነው፤ ውኃን ብዙም አይከላከልም። መጀመሪያ የሚታየው በነጩ ቀለም ላይ ነጠብጣብ የዝገት ምልክት ነው፤ ቆይቶ የብሎኑ አንገት ይበላል። ስለዚህ ለወጥ ቤት፣ ለመታጠቢያ ቤት፣ ለበረንዳ ኮርኒስ በዚንክ የተለበጠው ይመረጥ። ከቤት ውጭ ዝናብ ለሚያገኘው ሥራ ደግሞ ወፍራም የዚንክ ልባስ ያለው ወይም የማይዝግ ብረት ያስፈልጋል። ብሎኑ ብቻውን ግን ቤቱን አያድንም፤ ከጣሪያው ሥር አየር የሚወጣበት መተንፈሻ መተው ግማሹን ሥራ ይሠራል።

እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሊደመጡም ይገባል። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ "ብዙ አናጢ ቁም ሣጥን በጥቁር ብሎን ሠርቷል፤ እስካሁንም ቆሟል።" እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ቆመዋል። ቀላል ልብስ የሚሰቀልበት፣ ከቦታው የማይንቀሳቀስ፣ በደረቅ ክፍል ያለና በሙጫ የታገዘ ሣጥን ላይ ጫናው ትንሽ ስለሆነ ብሎኑ ፈተናውን አላየም። የቆሙት ግን ስለወደቁት አይመሰክሩም፤ የወደቀው ተጠግኖ ወይም ተጥሎ ከዓይን ርቋል። ብሎን የሚመረጠው ደግሞ ለተለመደው ቀን ብቻ አይደለም፤ ልጅ መደርደሪያ ላይ ለሚንጠለጠልበት፣ ጤፍ የሞላ ጆንያ ለሚጫንበት፣ ቤት ለመቀየር ሣጥኑ በሰው ትከሻ ለሚወጣበት ቀን ጭምር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከምስማር ወገን የሚመጣ ነው፦ "አባቶቻችን በምስማር ሠርተው ኖረዋል፤ ብሎን ቅንጦት ነው።" ምስማርን መናቅ አይገባም። ለስላሳ ብረት ስለሆነ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም፤ ወገቡን ለሚጫን ሸክም፣ ለምሳሌ ለጣሪያ እንጨት ማገጣጠሚያ፣ ዛሬም ጥሩ ነው። ድክመቱ በቁመቱ ሲጎተት ነው፤ የሚይዘው በእንጨቱ ጭምቀት ብቻ ስለሆነ እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተርና ክረምት በጋ ሲፈራረቅበት ይላላል። ኮርኒስ ደግሞ ሁልጊዜ በቁመት የሚጎትት ሸክም ነው። በዚያ ላይ የመዶሻ ምት ጂፕሰሙን ከወረቀቱ ሥር ያደቀዋል፤ ጉዳቱም ከላይ አይታይም። ጥርስ ያለው ብሎን ከላላም በካቻቪቴ መልሶ ይጠብቃል። አባቶቻችንን መከተል ከሆነ ደግሞ እነሱ ለማገሩ ልጥን፣ ለቀንበሩ ምራንን፣ ለአልጋው ጠፍርን እንደለዩት ሁሉ እኛም ለየሥራው መለየት ይኖርብናል።

ሦስተኛው የዋጋ ጉዳይ ነው፤ ቤት ለሚሠራ ሰው ሁሉም ነገር ገንዘብ ነውና ቀላል ጥያቄ አይደለም። ነገር ግን መጠኑን እንቁጠረው። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ክፍል ኮርኒስ 12 ካሬ ሜትር ነው፤ ከአራት ሰሌዳ ጥቂት ከፍ ያለ ያስፈልገዋል፣ ብሎኑም 150 ገደማ ነው። ከሰሌዳው፣ ከሞራሌው፣ ከስቱኮው፣ ከቀለሙና ከእጅ ዋጋው ጎን ሲቀመጥ የብሎኑ ወጪ ከሁሉ ያንሳል፤ በተለበጠውና ባልተለበጠው መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የዚያ ትንሽ ወጪ ክፍልፋይ ነው። ኮርኒሱ ሲበላሽ ግን ብሎኑን ብቻ መቀየር አይቻልም፤ ስቱኮው ይፋቃል፣ ሰሌዳው ይወርዳል፣ ቀለሙ እንደገና ይቀባል፣ የእጅ ዋጋ ዳግመኛ ይከፈላል። ከትንሹ ወጪ ላይ የተቆጠበ ገንዘብ በዚህ መንገድ ትልልቆቹን ወጪዎች ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

አራተኛው ተቃውሞ በተለይ ከትንንሽ ከተሞች ይነሣል፦ "በሱቃችን ያለው ጥቁሩ ብቻ ነው፤ ምን እናድርግ?" ይህ የእውነት ችግር ነው፤ መልሱም ጥቁሩን በሙሉ መጣል አይደለም። አስቀድሞ የሚቆጥር ሰው ለኮምፔልሳቶ የሚያስፈልገውን የእንጨት ብሎን ጎንደር ሲወርድ ከሌላው ዕቃ ጋር ገዝቶ ይመለሳል፤ አንድ ሳጥን ቦታ አይፈጅም። ያም ካልሆነ ጥቁሩን ሸክም በሌለበት፣ በደረቅ ክፍል፣ ለስስ ኮምፔልሳቶ ኮርኒስ፣ ቀዳዳ አስቀድሞ በመብሳትና ብሎኖቹን በማቀራረብ መጠቀም ይቻላል። ለመደርደሪያ፣ ለደረጃ፣ ለበር ማጠፊያ፣ ሰው ለሚቀመጥበትና ለሚረግጠው ነገር ግን ችግርም ቢሆን አይሁን። እዚያ ጥቁር ብሎን ከመምታት ምስማርና ሙጫ ይሻላል።

ውድ አድማጮች፣ ሬዲዮ ተመልሶ አይነበብምና ዋናውን ነገር በጣት የሚቆጠር አድርገን እንድገመው። ወደ ሱቅ ስትሄዱ አራት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። አንደኛ፣ የሚገጠመው ሰሌዳ ምንድን ነው? ጂፕሰም ከሆነ ራሱ እንደ መለከት አፍ የሆነ፣ ኮምፔልሳቶ ከሆነ ራሱ ሾጣጣ የሆነ። ሁለተኛ፣ የሚገባው ምን ውስጥ ነው? እንጨት ከሆነ ሰፊ ጥርስ፣ ስስ ላሜራ ከሆነ ደቃቅ ጥርስ፣ ቱቦላሬ ከሆነ ጫፈ ፑንታ፣ ግንብ ከሆነ ፊሸር። ሦስተኛ፣ የሰሌዳው ውፍረት ስንት ነው? ለጂፕሰም ከውፍረቱ በላይ 16 ሚሊሜትር ወይም ጥቂት ከፍ ያለ፣ ለኮምፔልሳቶ ሁለት ሦስተኛው ከሥር የሚገባ ርዝመት። አራተኛ፣ ቦታው ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? እርጥብ ከሆነ በዚንክ የተለበጠ። ባለሙያ ቀጥራችሁ የምታሠሩ ከሆነም እነዚህኑ ጥያቄዎች በአክብሮት ጠይቁት፤ ሥራውን የሚያውቅ አናጢ ቢጠየቅ ደስ ይለዋል፣ አይቆጣም። ጠፍር የሚወጥረው ሰው ቆዳው ሲደርቅ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያስባል፤ እኛም ኮርኒሳችንን ስንገጥም እንጨቱ በመጪው በጋ ምን እንደሚሆን፣ ቆርቆሮው በመጪው ክረምት ምን እንደሚያንጠባጥብ አስበን ብሎናችንን እንምረጥ።